የጉዳይ ጥናት፦ ኒሲን ከወተት ቤት ራስ ምታትነት ወደ ምግብ ጠባቂነት

ከእርጎ ወይም ከቆጮ ባክቴሪያ ለይተው የሚያጠኑ ወጣቶች አንድ ጥያቄ ደጋግመው ይጠይቁኛል። የለዩትን ባክቴሪያ ፔትሪ ዲሽ ላይ ዘርተው፣ በሽታ አምጪ ባክቴሪያ ደርበውበት፣ ዙሪያውን ጥርት ያለ ክብ አይተዋል። ክቡ ማለት የእነሱ ባክቴሪያ ያወጣው ነገር ሌላኛውን እንዳያድግ አግዶታል ማለት ነው። ደስ ይላቸዋል፣ ደግሞም ደስ ሊላቸው ይገባል። ከዚያ "ተፈጥሯዊ ፀረ ተህዋስ አገኘን፣ አሁን ምን እናድርግ?" ይላሉ።

ለዚህ ጥያቄ እኔ የማውቀው የተሻለ መልስ የኒሲን ታሪክ ነው። ኒሲን የወተት ባክቴሪያ የሚሠራው ትንሽ ፕሮቲን፣ ማለትም ፔፕታይድ ነው። ባክቴሪያዎች ሌሎች ባክቴሪያዎችን ለመግታት የሚሠሯቸው እንዲህ ያሉ ፔፕታይዶች ባክቴሪዮሲን ይባላሉ። እስካሁን በመቶዎች የሚቆጠሩ ተገልጸዋል። ተጣርቶ፣ እንደ ምግብ ጭማሪ በብዙ አገሮች ተፈቅዶ የሚሸጠው ግን ኒሲን ነው። ሌሎቹ ለምን እዚያ አልደረሱም ብሎ ለሚጠይቅ ሰው ኒሲን እንዴት እንደደረሰ ማወቅ ይጠቅመዋል ብዬ አምናለሁ።

የተመራማሪዎቹን ስም ሆን ብዬ ትቻለሁ፣ የምፈልገው የሥራውን አካሄድ ማሳየት ስለሆነ። ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ዳራው

ወተት ሲረጋ ሥራውን የሚሠሩት የላክቲክ አሲድ ባክቴሪያዎች ናቸው። የወተቱን ስኳር በልተው አሲድ ያወጣሉ፣ ወተቱ ይኮመጥጣል፣ ይረጋል። ከመካከላቸው ዋነኛው ዛሬ ላክቶኮከስ ላክቲስ የምንለው ነው። የዚያን ዘመን ጽሑፍ ስታነቡ ስትሬፕቶኮከስ ላክቲስ ተብሎ ታገኙታላችሁ፣ ስሙ የተቀየረው በ1980ዎቹ ነው።

በእኛ አገር እርጎ ሲሠራ ወተቱ በወይራ በታጠነ ቅል ተደርጎ ራሱ እስኪረጋ ይጠበቃል። ባክቴሪያው የሚመጣው ከወተቱ፣ ከቅሉና ከአካባቢው ነው። ፋብሪካ እንዲህ ሊጠብቅ አይችልም። የተመረጠ ባክቴሪያ አባዝቶ ወተቱ ላይ ይጨምራል፣ እሱን እዚህ ማስጀመሪያ ባክቴሪያ እለዋለሁ። በስንት ሰዓት ምን ያህል አሲድ እንደሚወጣ አስቀድሞ ይታወቃል። አሲዱ በሰዓቱ ካልወጣ ፎርማጆው ውሃውን በደንብ አይለቅም፣ ጣዕሙ ይበላሻል፣ ጎጂ ባክቴሪያዎችም ክፍተት ያገኛሉ።

ችግሩ

ፎርማጆ ለውጭ ገበያ በብዛት የሚያመርቱ አገሮች፣ በተለይ ኒውዚላንድ፣ በ1930ዎቹ አንድ ችግር ያማርራቸው ነበር። ማስጀመሪያው ባክቴሪያ ጤነኛ ነው፣ ወተቱ ሲታይ ደህና ነው፣ ግን ገንዳው ውስጥ አሲዱ ይዘገያል፣ አንዳንዴም ጭራሽ ይቆማል። በዚህ ላይ ችግሩ በአንድ ቀን ይመጣል፣ በሌላው ቀን ይጠፋል።

ከዚያ በፊት፣ በ1928፣ በአሜሪካ መንግሥት የወተት ምርምር ክፍል የሚሠሩ ተመራማሪዎች አንድ ነገር ጽፈው ነበር። የዚህ ወተት አርጊ ባክቴሪያ አንዳንድ ዝርያዎች ላክቶባሲለስ ቡልጋሪከስ የተባለውን ሌላ የወተት ባክቴሪያ ያግዱታል፣ የሚያግደውም ነገር አሲዱ ብቻ አይደለም አሉ። ያኔ ብዙ ሰው ትኩረት አልሰጠውም።

በ1933 አንድ የኒውዚላንድ ተመራማሪ ማስጀመሪያውን የሚያግድ ወተት ይዞ ምንጩን ፈለገ። ያገኘው መልስ የሚገርም ነው። ወተቱ ውስጥ አስቀድመው የገቡ፣ ከማስጀመሪያው ጋር እጅግ የሚቀራረቡ ባክቴሪያዎች አንድ ነገር እየሠሩ ነበር። ያ ነገር ፔፕታይድ መሳይ ሆኖ ተገኘ። የፎርማጆው ማስጀመሪያ የታገደው በገዛ ዘመዱ ነው ማለት ነው።

ታሪኩ እዚህ አላበቃም። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1935፣ ያው ተመራማሪ ከሥራ ባልደረባው ጋር ሆኖ ሌላ ምክንያት አገኘ። ባክቴሪያን የሚያጠቃ ቫይረስ፣ ማለትም ፌጅ፣ ማስጀመሪያውን እየገደለ ነበር። ብዙውን የፋብሪካ ውድቀት የሚያስከትለው እሱ መሆኑ ኋላ ላይ ግልጽ ሆነ። ስለዚህ የሚታየው ምልክት አንድ ነው፣ ዘግይቶ የሚኮመጥጥ ወተት። ምክንያቱ ግን ሁለት የተለያየ ነገር ነው፣ መፍትሔውም ለየብቻ።

ሁለቱን መለየት የሚቻልበት መንገድ ቀላልና የሚያምር ነው። ያገደውን ፈሳሽ ትንሽ ወስዶ አዲስ ባክቴሪያ ላይ ማፍሰስ፣ ከዚያም ትንሽ ወስዶ ወደ ሌላ ትኩስ ባክቴሪያ፣ እንዲያ እያሉ መቀጠል። ፔፕታይድ ከሆነ በየደረጃው እየቀጠነ ይሄድና ኃይሉ ያልቃል። ፌጅ ከሆነ ግን በየደረጃው ስለሚራባ ኃይሉ አይቀንስም። ውድ መሣሪያ አያስፈልገውም። ዛሬም ማንኛውም የዩኒቨርሲቲ ላብራቶሪያችን ሊሠራው ይችላል፣ ሆኖም ብዙዎች ሳይሠሩት ሲያልፉ አያለሁ።

የተወሰዱ እርምጃዎች

ቀጣዩ ምዕራፍ እንግሊዝ ውስጥ ነው፣ ሬዲንግ አቅራቢያ በሚገኘው የሺንፊልድ የወተት ምርምር ተቋም። በ1944 ሁለት ተመራማሪዎች ይህን አጋጅ ንጥረ ነገር አጥንተው ኃይለኛ መሆኑን አሳወቁ፣ በ1947 ደግሞ ኒሲን የሚለውን ስም አወጡለት። ጊዜውን አስቡት። ጦርነት ነው፣ ፔኒሲሊን በገፍ መመረት ጀምሯል፣ ሁሉም ሰው ቀጣዩን ፔኒሲሊን ይፈልጋል። ስለዚህ የመጀመሪያው ሐሳብ መድኃኒት ነበር። ኒሲን ስትሬፕቶኮከስን፣ ስታፊሎኮከስን፣ በላብራቶሪ ደግሞ የሳንባ ነቀርሳ ባክቴሪያን ሳይቀር ያግድ ስለነበር ተስፋው ከባዶ የመጣ አልነበረም። የላም ጡት በሽታ ለማከምም ተሞክሮ ነበር።

መድኃኒትነቱ አልሆነም፣ ምክንያቶቹንም ማወቅ ይጠቅማል። አንደኛ፣ ኒሲን የሚሟሟውና ጸንቶ የሚቆየው አሲድ በበዛበት ቦታ ነው። በፒኤች 2 (ፒኤች የአሲድነት መለኪያ ነው፣ ቁጥሩ ሲያንስ አሲዱ ይበዛል) በሚሊ ሊትር 57 ሚሊ ግራም ያህል ይሟሟል። በፒኤች 6 ወደ 1.5 ይወርዳል፣ በፒኤች 8.5 ደግሞ ወደ 0.25። ደማችን ፒኤቹ 7.4 አካባቢ ስለሆነ ለኒሲን አይመቸውም። ሁለተኛ፣ በአፍ ቢወሰድ አንጀት ውስጥ ያሉ ፕሮቲን ፈጪ ኢንዛይሞች ይቆራርጡታል። ሦስተኛ፣ የሚያግዳቸው የባክቴሪያ ዓይነቶች ውስን ናቸው።

ብዙ ግኝት እዚህ ላይ ይሞታል። ኒሲን ያልሞተው እነዚያው ተመራማሪዎች ወደ መጣበት ቦታ፣ ወደ ወተቱ ስለመለሱት ነው። ለመድኃኒት ድክመት የነበረው ሁሉ ለምግብ ጥሩ ጎን ሆነ። አንጀት ውስጥ መፈጨቱ እንደማንኛውም የምግብ ፕሮቲን አደረገው። አሲድ መውደዱ ለኮምጣጣ ምግብ የተሠራ አስመሰለው። ሰው የሚታከምበት መድኃኒት አለመሆኑ ደግሞ ምግብ ውስጥ መጨመሩ ሕክምናን ያበላሻል የሚለውን ሥጋት ቀነሰው።

ምግቡ ውስጥ ያለው ጠላት ማን ነው ብለው ጠየቁ። መልሱ ክሎስትሪዲየም የተባለ ባክቴሪያ ነበር። ላሞች በየበረቱ ሲሌጅ ይመገባሉ፣ ታምቆ የኮመጠጠ መኖ ማለት ነው። ሲሌጁ በደንብ ካልተሠራ በክሎስትሪዲየም ስፖሮች፣ ማለትም ባክቴሪያው ሙቀትን ተቋቁሞ በሚያንቀላፋበት ቅርጽ፣ ይሞላል። ስፖሮቹ በላሟ ሆድ አልፈው በእበት ይወጣሉ፣ ከእበት ወደ ጡት፣ ከጡት ወደ ወተት። ፓስቸራይዜሽን አይገድላቸውም። ፎርማጆው ተቀምጦ እየበሰለ ሳለ ከሳምንታት በኋላ ይነቁና ላክቲክ አሲዱን ወደ ቢዩቲሪክ አሲድና ወደ ጋዝ ይቀይሩታል። ፎርማጆው ይነፋል፣ ይሰነጠቃል፣ ይገማል። ለወራት የተጠበቀ ምርት ሲወድም ነጋዴው የሚያጣውን ገንዘብ መገመት አያዳግትም።

የመጀመሪያው ሙከራ ኒሲን የሚሠራውን ባክቴሪያ ራሱን ማስጀመሪያ ማድረግ ነበር። በ1951 በስዊስ ዓይነት ፎርማጆ ላይ ሞክረውት ክሎስትሪዲየሙን እንዳገደ አሳወቁ። ለፋብሪካ ግን ያን ያህል አልተመቸም። ኒሲን የሚሠሩት ዝርያዎች አሲድ በማውጣት ደካሞች ነበሩ፣ ለፌጅም ይጋለጣሉ። ከዚህ የከፋው ግን ኒሲኑ ወዳጅና ጠላት አለመለየቱ ነው። ለፎርማጆው ጣዕምና ቀዳዳ የሚያስፈልጉትን ሌሎች ባክቴሪያዎችም ያግዳል። የ1933ቱ ችግር በሌላ በር ተመልሶ መጣ።

ሁለተኛው ሙከራ ግን ተሳካ። ሐሳቡ ባክቴሪያውን ለብቻው በወተት ነክ ፈሳሽ አሳድጎ፣ ኒሲኑን አድርቆ፣ ዱቄቱን ማስጀመሪያ ባክቴሪያ የማያስፈልገው ምርት ላይ መጨመር ነው። ምርቱ የሚቀባ ቺዝ ነበር፣ ሱቅ ውስጥ በሦስት ማዕዘን ተጠቅልሎ የምናየው ዓይነት። ይህ ቺዝ የሚሠራው የበሰለ ፎርማጆ ተፈጭቶ፣ ጨው ተጨምሮበት፣ ቀልጦ ነው። ሙቀቱ ተራ ባክቴሪያን ይገድላል፣ ስፖሮች ግን ይተርፋሉ። ታሽጎ አየር ሲያጣ ለክሎስትሪዲየም ይመቸዋል። የሚጠብቁት ወዳጅ ባክቴሪያም እዚያ የለም፣ ስለዚህ ኒሲን የሚጎዳው ጠላትን ብቻ ነው። ፒኤቹ ከ6 በታች ስለሚሆን ኒሲኑ የማቅለጡን ሙቀት አብዛኛውን ይቋቋማል። ትክክለኛው ምግብ ተገኘ ማለት ይህ ነው። በ1953 ኒሳፕሊን የተባለው ዱቄት እንግሊዝ ውስጥ ለገበያ ቀረበ።

ዱቄቱ ንጹሕ ኒሲን አይደለም። በግራም 1 ሚሊዮን ዓለም አቀፍ ዩኒት (የኃይሉ መለኪያ) ይይዛል፣ ንጹሑ ኒሲን ግን በግራም 40 ሚሊዮን ነው። ስለዚህ ከዱቄቱ ኒሲን የሆነው 2.5 በመቶ ያህል ብቻ ነው፣ ቀሪው በአብዛኛው ጨውና የወተት ተረፈ ነገር ነው። ይህን የማነሳው ሥራ ላይ ያሉ ሰዎች የዱቄቱን መጠንና የኒሲኑን መጠን ሲያምታቱ ስለማይ ነው።

ፈቃዱ

ፈቃድ ማግኘቱ ረጅም ጊዜ ወሰደ። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት (ፋኦ) እና የዓለም ጤና ድርጅት የጋራ የባለሙያዎች ኮሚቴ በ1969 ለምግብ ደህና ነው አለ። የአውሮፓ ማኅበረሰብ በ1983 ኢ234 በሚል ቁጥር መዘገበው። አሜሪካ በ1988 ለሚቀባ ቺዝ ፈቀደች፣ ዋናው ምክንያት ቦቱሊዝም የተባለውን ገዳይ የምግብ መመረዝ የሚያመጣውን ክሎስትሪዲየም መከላከል ነበር። ከመጀመሪያው ምልከታ እስከ አሜሪካ ፈቃድ 60 ዓመት ሆነ።

የሚገርመው እንዴት እንደሚሠራ ገና በደንብ ሳይታወቅ ለአሥርት ዓመታት መሸጡ ነው። የኬሚካል ቅርጹ የታወቀው በ1971 ነው፦ 34 አሚኖ አሲዶች፣ 5 ቀለበቶች። ቀለበቶቹ በሰልፈር የተያያዙ ናቸው፣ ሙቀትና አሲድ እንዲችል የሚረዱትም እነሱ ናቸው። በ1990ዎቹ መጨረሻ ደግሞ የሚይዘው ኢላማ ታወቀ። ባክቴሪያው ግድግዳውን የሚሠራበትን ሊፒድ ሁለት የተባለ ጡብ አንቆ ይይዛል፣ በዚያው ላይ ተንተርሶ የባክቴሪያውን ሽፋን ይበሳል። አንድ ሞለኪውል ሁለት ጥቃት ያደርሳል፣ ግንባታውን ያስቆማል፣ ሽፋኑን ይበሳል። በጣም ትንሽ መጠን የሚበቃው ለዚህ ነው። አምራቹ ባክቴሪያ ደግሞ ራሱን እንዳይገድል የመከላከያ ፕሮቲኖችን አብሮ ይሠራል።

ምን ሠራ፣ ምን አልሠራም

በሚቀባ ቺዝ ውስጥ ሠርቷል። በታሸጉ አትክልቶችም ስፖርን ለመከላከል ያገለግላል። በአንዳንድ የወተት ጣፋጮችም እንዲሁ።

ያልሠራባቸው ቦታዎች ብዙ ናቸው፣ እኔም ጊዜ ልሰጣቸው የምፈልገው እነሱን ነው። እንደ ሳልሞኔላና ኢ ኮላይ ያሉ ግራም ኔጋቲቭ ባክቴሪያዎች ተጨማሪ የውጭ ሽፋን ስላላቸው ኒሲን ሊፒድ ሁለት ጋ አይደርስም። ላብራቶሪ ውስጥ ያንን ሽፋን የሚያላላ ኬሚካል ሲጨመር ይሠራል፣ ምግብ ውስጥ ግን ነገሩ ያን ያህል ቀላል አይደለም። እርሾ ፈንገስንና ሻጋታን ጭራሽ አይነካም። ጥሬ ሥጋ ላይም ያስቸግራል። ሥጋው ውስጥ ያለ ግሉታታዮን የተባለ ንጥረ ነገር ይይዘውና ኃይሉን ያሳጣዋል። ስብም ኒሲኑን ወደ ራሱ ስለሚስበው ባክቴሪያው ጋ የሚደርሰው ይቀንሳል። ሊስቴሪያ የተባለው አደገኛ ባክቴሪያ መጀመሪያ ይቀንሳል፣ ከመካከሉ ግን የሚቋቋሙት ተርፈው እንደገና ሊበዙ ይችላሉ። ፔትሪ ዲሽ ላይ ትልቅ ክብ የሠራ ነገር ቋሊማ ውስጥ ምንም ላይሠራ ይችላል።

ለእኛ ሥራ የሚተርፈው

መጀመሪያ ክቡን መጠራጠር ነው። ላክቲክ አሲድ ባክቴሪያ በሙሉ አሲድ ያወጣል፣ አሲድ ብቻውን ክብ ይሠራል። አንዳንዱ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድም ያወጣል። ስለዚህ ባክቴሪያው የኖረበትን ፈሳሽ አጣርታችሁ ፒኤቹን ወደ 6.5 አካባቢ መልሱት፣ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይዱን የሚያፈርሰውን ካታሌስ የተባለ ኢንዛይም ጨምሩበት፣ ከዚያ ክቡ ካለ እዩ። ካለ ፕሮቲን ፈጪ ኢንዛይም ጨምሩ። ክቡ ከጠፋ ፔፕታይድ ነው ብላችሁ ለመናገር በቂ ምክንያት አላችሁ። ከላይ ያልኩትን የፌጅ ፍተሻም አትርሱ። እነዚህን ያልሠራ ጽሑፍ "ባክቴሪዮሲን አገኘን" ሲል ሳነብ በጣም ያሳዝነኛል፣ ምናልባት በእርግጥ አግኝቶ ይሆናልና።

ሁለተኛው፣ ከግኝቱ ተነስቶ ምግብ መፈለግ ሳይሆን ከሚበላሸው ምግብ መነሳት ነው። የሺንፊልድ ሰዎች የተሳካላቸው "የሚቀባው ቺዝ በምን ይበላሻል?" ለሚለው ጥያቄ መልስ ስለነበራቸው ነው። ፒኤቹ፣ ስቡ፣ ጨው፣ ሙቀቱ፣ እሽጉ፣ ጠላቱ ሁሉ ከኒሲን ጠባይ ጋር ገጠመ።

ማስጀመሪያ ባክቴሪያ በሚያስፈልገው ምግብ ላይ ደግሞ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። እርጎ በቤት ሲረጋ ብዙ ዓይነት ባክቴሪያ ተጋግዞ ነው። ኃይለኛ አጋጅ የሚሠራ ዝርያ መርጠን ብንጨምርበት ጣዕም የሚሰጡትን ሌሎቹን ሊያጠፋ ይችላል። ስለዚህ የተለየው ዝርያ በሽታ አምጪውን ብቻ ሳይሆን የእርጎውን ነባር ባክቴሪያዎች ምን እንደሚያደርጋቸው መፈተሽ አለበት። ይህ ፍተሻ ብዙ ጊዜ ይዘለላል።

የእኛን አይብ እንውሰድ። አይብ የሚሠራው ቅቤው ከወጣለት እርጎ፣ ማለትም ከአሬራው ነው። ቀስ ብሎ ይሞቃል፣ ይረጋል፣ ይጠለላል። ኮምጣጣ ነው፣ ስለዚህ ፒኤቹ ለኒሲን ይመቻል። ይህን ብቻ ያየ ሰው ኒሲን ይጨመርበት ሊል ይችላል። ግን አይብን የሚያበላሹት በብዛት እርሾ ፈንገሶችና ሻጋታዎች ናቸው፣ ከእጅና ከዕቃ የሚመጡት ደግሞ ግራም ኔጋቲቭ ባክቴሪያዎች። ሁለቱንም ኒሲን አይነካቸውም። እንዲያውም ሻጋታውን የሚሻሙትን የላክቲክ ባክቴሪያዎች አግዶ ለሻጋታው መንገድ ሊጠርግለት ይችላል። ለአይብ የሚሠራ ሰው ፍለጋውን መጀመር ያለበት ሻጋታን የሚገቱ እንደ ፌኒልላክቲክ አሲድ ያሉ ነገሮችን ከሚያወጡ የላክቲክ ባክቴሪያ ዝርያዎች ነው። ከዚያም በፊት ከገበያ የተበላሸ አይብ ገዝቶ ምን እንዳበላሸው ለይቶ መጻፍ ይቀድማል።